ጥርጣሬ ማስረጃ ሲሆን

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት «ይኼ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚያሰኝ ነው። በአሜሪካ ወህኒ ቤቶች የሚገኙ እስረኞች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት አንድ የተረት ጨዋታ አለ። ይህ ጨዋታ ሊፈቀድላቸው ይገባል ወይስ አይገባም? የሚለው ጥያቄ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ አከራክሯል። እኔ ይገባል ባይ ነኝ። «ኡስታዝ ስለ ጨዋታ መሟገት ጀመረ» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ ከጁሙዓ ሶላታችን ጋር ሳይቀር የተያያዘ መሆኑን ታያላችሁና።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አራት ደረሶቼ በመድረሳው ግቢ ጥግ ተሰብስበው አንድ ደብተር መካከላቸው ዘርግተው ሲንሾካሾኩ አገኘኋቸው። ጠጋ ስል አንደኛው «ዘበኛው ተኝቷል፤ ቁልፉን ቀስ ብለህ ውሰድ» ሲል ሰማሁ። ሌባ ሊሆኑ እየተማከሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ደብተሩን ነጥቄ ቀደድኩት፤ ለወላጆቻቸው እንደምናገርም ዛትኩባቸው። ማምሻውን ቅዳጁን ሰብስቤ ሳነበው በጠላት እጅ የወደቀ ንጉሥና ሊያስፈቱት የወጡ አራት ወንድማማቾች ተረት ሆኖ አገኘሁት። ተረቱን የጻፈውና ለጓደኞቹ የሚተርከው ልጅ ደግሞ እኔ ዘንድ ሲቀራ ምላሱ የሚተሳሰርበት፣ አንዲት አንቀጽ ለመጨረስ ላብ የሚያጠምቀው ልጅ ነበር። በዚያ ጥግ ግን ሲናገር አልተንተባተበም። ይቅርታ ጠየቅሁት። ሆኖም ልጁ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ተረትም ሲጽፍ አላየሁትም።

እንግዲህ ጠርጥሮ ሳይጠይቁ መቅደድ ምን እንደሚመስል በራሴ እጅ አውቀዋለሁ። አሁን የምነግራችሁ ይህንኑ ሥራ መንግሥት በሕግ ሲሠራው ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

የጨዋታው ስም «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምድር ቤት ወህኒዎችና ዘንዶዎች» እንደ ማለት ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያዘጋጁት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ዊስኮንሲን በተባለው ክፍለ ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ከተማ ታትሞ ወጣ። አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ መድኃኒት አዋቂ፣ አንዱ ደግሞ ሌባ ይሆናል። ተራኪው «ወንዝ ደርሳችኋል፤ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነርሱም ተመካክረው ይመልሳሉ። የሙከራቸው ውጤት የሚወሰነው ዳይስ በምትባለው ባለ ነጥብ ጠጠር ነው። ጨዋታው አንድ ቀን ተጀምሮ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በልጅነታችን «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልሽ» ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» ተብለን ያልሰጠነው አገር አለን? ጎንደርንም፣ ሐረርንም፣ ወሎንም የራሳችን እንደሆነ ሁሉ ስንሰጥ ኖረናል። በሌባና ፖሊስ ጨዋታ ሌባ የሆነው ልጅ አድጎ ሌባ አልሆነም፤ ፖሊስ የነበረውም ሁሉ ፖሊስ ቤት አልተቀጠረም። ሰው ያልሆነውን ሆኖ መናገር ይችላል። ይህ ችሎታ አላህ ለሰው ልጅ ከሰጠው የአእምሮ ጸጋ አንዱ ነው።

በዋፓን የሆነው

ጨዋታው በተወለደበት በዚያው በዊስኮንሲን ዋፓን የሚባል ጥንታዊ ወህኒ ቤት አለ። በዚያ አንድ የዕድሜ ልክ እስረኛ ነበር። ሰው ገድሎ የታሰረ ነውና ንጹሕ ነው አልላችሁም፤ ለሟች ቤተሰብ ሐዘን ካሳ የሚሆን ቃልም የለኝም። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ጨዋታ በወህኒ ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ስሙን ያልገለጸ አንድ እስረኛ ለኃላፊዎች ደብዳቤ ጻፈ። ሰውዬውና ሦስት ጓደኞቹ በጨዋታው ስም የወሮበላ ቡድን እያቋቋሙ ነው የሚል ነበር። የወህኒ ቤቱ የወሮበሎች ጉዳይ ባለሙያም ጨዋታው እንዲታገድ ወሰነ። ከእስረኛው ክፍል 21 መጻሕፍት፣ 14 መጽሔቶችና በገዛ እጁ የጻፈው ባለ 96 ገጽ ተረት ተወሰዱ።

እስረኛው ከሰሰ። ጨዋታው ከወሮበላ ቡድን ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚመሰክሩ 15 የቃለ መሐላ ጽሑፎች አቀረበ። በወህኒ ቤቱ በኩል የቀረበው የባለሙያው አስተያየት ነው። በጨዋታው አንዱ መሪ ሆኖ ሌሎቹ ስለሚከተሉት የወሮበላ ቡድንን አደረጃጀት ይመስላል፤ ደግሞም የእስረኛውን ሐሳብ ከወህኒ ቤቱ ስለሚያወጣ ማምለጥን ያስመኛል አለ። ጨዋታው በዚያ ወህኒ ቤት ብጥብጥ ማስነሣቱን የሚያሳይ አንድም ያለፈ አጋጣሚ አልቀረበም። ሆኖም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ለወህኒ ቤቱ ፈረደ። ኃላፊዎቹ አደጋው እስኪደርስ የመጠበቅ ግዴታ የለባቸውም ሲል እገዳውን አጸና።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነዋ!» የሚል ይኖራል። አዎን፣ እኛም የምንለው ነው። ነገር ግን ቅጠሉን የያዘ ሰው አስቀድሞ ጭስ ማየት አለበት። ጭስ በሌለበት ሁሉ ቅጠል ይዞ የሚዞር ሰው የሚያጠፋው እሳት ሳይሆን የሰዎችን ማዕድ ነው።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! አንዱ ከፊት ሆኖ ሲናገር ሌሎች ተሰብስበው ቢከተሉት የወሮበላ ቡድን ይመስላል ከተባለ፣ ኢማም ከፊት ቆሞ ማእሙሞች ከኋላው ሲሰለፉ ምን ሊባል ነው? ይህን የምለው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። በእርግጥ ተብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ወህኒ ቤቶች ሙስሊም ነን የሚሉ ጥቁር እስረኞች ሲሰበሰቡ የሚታዩት እንደ አደገኛ ማኅበር ነበር። በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በስቴትቪል ወህኒ ቤት የነበረ አንድ እስረኛ በእምነቱ የተነሣ ሃይማኖታዊ ጽሑፎችን እንዳያገኝ ተከለከልኩ ብሎ ከሰሰ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ክሱን አባረሩት። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውዬው የመክሰስ መብት አለው ብሎ በሩን ከፈተለት።

ይህ በር ብዙም ሳይቆይ ጠበበ። በሰኔ 1987 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሚዙሪ ክፍለ ግዛት በመጣ ክርክር አንድ መመዘኛ አወጣ። የወህኒ ቤት ደንብ የእስረኛን መብት ቢነካም፣ ከወህኒ ቤቱ ተገቢ ዓላማ ጋር ምክንያታዊ ግንኙነት ካለው ይጸናል የሚል ነው። ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ ይኸው መመዘኛ በማን ላይ ሥራ ላይ እንደዋለ ታውቃላችሁ? በኒው ጀርሲ፣ በሊስበርግ ወህኒ ቤት በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ነው። እነዚህ ወንድሞች ቀን ከግቢው ውጭ ለሥራ ይሰማሩ ነበርና የጁሙዓ ሶላት ሲደርስ ወደ ዋናው ግቢ ተመልሰው መስገድ ጠየቁ። ወህኒ ቤቱ በሩ ላይ መጨናነቅ ይፈጠራል፤ ለጥበቃም ያስቸግራል ብሎ ከለከላቸው። ዘጠኙ ዳኞች አምስት ለአራት ተከፍለው ለወህኒ ቤቱ ፈረዱ። ጁሙዓው ቀረ።

የዋፓኑን እስረኛ ጽሑፍ ያስወሰደውም ይህ የ1987 መመዘኛ ነው። በአንድ ሚዛን የእኛ ጁሙዓ ተመዘነበት፤ በዚያው ሚዛን የእርሱ ተረት ተመዘነበት። ጨዋታና ፈርድ ሶላት በአላህ ዘንድ አንድ ናቸው አላልኩም፤ አላህ ይጠብቀኝ! ሚዛኑ ግን አንድ ነው፤ ሚዛኑን የያዘውም እጅ አንድ ነው እያልኩ ነው። «ነግ በእኔ» የሚለውን የአባቶች ቃል እኛ ለሌላ ጊዜ ልናቆየው አይገባም፤ በእኛ የደረሰው ቀድሞ ነውና።

«አሁን እኮ ይህ ተሻሽሏል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ የእስረኞች አምልኮ የተሻለ ጥበቃ አግኝቷል። በዚህም ሕግ መሠረት በአርካንሶ የታሰረ አንድ ሙስሊም ግማሽ ኢንች የምታህል ጺም ለማሳደግ ጠይቆ፣ ወህኒ ቤቱም በጺሙ ውስጥ የተከለከለ ነገር ይደብቃል ብሎ ተከራክሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሙሉ ድምፅ ለእስረኛው ፈርዶለታል። ዳኞቹ «አሳዩን፤ አስረዱን» ብለው ወህኒ ቤቱን ስለጠየቁ ጥርጣሬው ሊቆም አልቻለም። ማስረጃ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ነገር ግን ያ ሕግ የሚጠብቀው አምልኮን ነው። አንድ ሙስሊም እስረኛ ከልጁ የሚደርሰው ደብዳቤ፣ የሚያነበው የታሪክ መጽሐፍ፣ እናቱ መጥታ የምትጠይቀው ቀን በአብዛኛው አሁንም በ1987ቱ መመዘኛ ሥር ናቸው። ስለዚህ ያ መመዘኛ በማስረጃ እንዲጠብ የሚሟገት ሰው፣ ተረት ተራኪም ይሁን ሌላ፣ የእኛንም ጉዳይ እየተሟገተ ነው።

ስለ ዳይስና ስለ ዘንዶ

አሁን ከገዛ ወንድሞቼ ወደሚመጣው ተቃውሞ ልግባ። «ዳይስ ነርድ ነው፤ ነርድ ደግሞ ሐራም ነው፤ እንዴት ትሟገትለታለህ?» ይሉኛል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በነርድ መጫወትን በብርቱ ቃል እንዳወገዙ አልዘነጋሁም፤ አብዛኞቹ ዑለማእም ቁማር ባይኖርበት እንኳ እንደከለከሉት ደረሶቼን የማስተምረው እኔው ነኝ። እንዲሁም በዚህ ጨዋታ መጻሕፍት ውስጥ ድግምትና የሐሰት አማልክት አሉበት። ስለዚህ ልጄ ልጫወት ቢለኝ ተው እለዋለሁ፤ ምክንያቱንም ተቀምጬ አስረዳዋለሁ።

ሆኖም እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አንቀላቅል። እኔ ልጄን የምመክርበት መንገድና ወህኒ ጠባቂ ከአንድ እስረኛ እጅ ጽሑፉን የሚነጥቅበት መንገድ ልዩ ልዩ ናቸው። ጠባቂው የነጠቀው ሐራም ነው ብሎ አይደለም። ሙፍቲ አይደለም። የነጠቀው ስለ ጠረጠረ ነው። ዛሬ እኛ የማንወደውን ስለነጠቀልን ብናጨበጭብለት፣ ነገ የምንወደውን ሲነጥቅ በየትኛው አፋችን እንናገራለን?

ደግሞም በዚህ ጨዋታ ላይ የተወራው ሁሉ እውነት ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያን ወላጆች ጨዋታው ልጆችን ለሰይጣን ይማርካል፤ ራሳቸውን እንዲያጠፉም ይገፋፋል ብለው ተነሥተው ነበር። ልጇ እ.ኤ.አ. በ1982 ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት ይህንኑ የሚቃወም ማኅበር እስከማቋቋም ደርሳለች። የእናት ሐዘን ይከበራል። ነገር ግን ጨዋታው ለሞት ምክንያት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በሰው ላይ ቀርቶ በጨዋታ ላይም ቢሆን የሐሰት ምስክርነት አይፈቀድልንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል፤ አንዳንዱ ጥርጣሬ ኃጢአት መሆኑንም ነግሮናል። በመድረሳም የፊቅህ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ሕግ አለ፤ የተረጋገጠ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም።

«ወንጀለኛ ለምን ይጫወታል?»

ሌላው ተቃውሞ ይህ ነው። እውነት ለመናገር ልብን የሚነካውም ይኸኛው ነው። የተገደለው ሰው መቃብር ውስጥ ነው፤ ገዳዩ ለምን ተረት እየተረተ ይስቃል? ይህን የሟች እናት ብትጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼ ከመስማት በስተቀር መልስ የለኝም። እናንተ አንባቢያን ስትጠይቁኝ ግን መልስ አለኝ። ፍርድ ቤቱ የፈረደበት ከሰው ተለይቶ እንዲኖር ነው፤ በዝምታ እንዲኖር አልተፈረደበትም። በዚያ ላይ በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከሚታሰሩ 100 ሰዎች ቢያንስ 95ቱ አንድ ቀን ተፈትተው ወደ ሰፈር ይመለሳሉ። ጎረቤታችሁ ሆኖ እንዲመለስ የምትፈልጉት ማንን ነው? ዓመታቱን ከሌሎች ጋር ተራ ጠብቆ መናገርን፣ መመካከርን፣ ማንበብንና መጻፍን ሲለማመድ የቆየውን ወይስ ግድግዳ ሲያይ የኖረውን?

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ሥራ ያጣ እስረኛ ግን የሚቀደው ቆብ አይደለም። ባዶ ጊዜ በወህኒ ቤት የሚሞላው በቁማር፣ በብድር፣ በአደንዛዥ ዕፅና በእውነተኛው የወሮበላ ቡድን ነው።

በቴክሳስ ፖሉንስኪ በሚባለው ወህኒ ቤት ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ከ20 ሰዓት በላይ የሚሆነውን የቀኑን ክፍል የሚያሳልፉት እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ለብቻቸው ተዘግተው ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ይህንኑ ጨዋታ እየተጠራሩ በድምፅ ብቻ፣ ሳይተያዩ፣ ለዓመታት ሲጫወቱ እንደቆዩ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቧል። ካርታውን በእጃቸው ይሥላሉ፤ ስለ ገጸ ባሕርያቸው ይጽፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 በሞት ተቀጥቷል። ጨዋታው ከሞት ፍርድ አላዳነውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ከሰው ጋር አነጋግሮታል። ይህን መንጠቅ ለማን ይጠቅማል?

እኛም በወህኒ የተለወጠ ሰው እናውቃለን። አልሐጅ ማሊክ ሻባዝ፣ ማልኮም ኤክስ በመባል የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1952 ታስሮ ሳለ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ እየገለበጠ ቃላት አጥንቷል። ኖርፎክ በሚባለው ወህኒ ቤት ሳለም በእስረኞች የክርክር ቡድን ገብቶ አንደበቱን አሠልጥኗል። ያን ጊዜ አንድ ባለሙያ መጥቶ «ክርክር መሪና ተከታይ ይፈጥራል፤ ይታገድ» ብሎ ቢሆን ኖሮስ?

ምን ይደረግ?

የወህኒ ቤት ጥበቃ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወሮበሎች አሉ፤ በዳይስ ቁማር ዕዳ ይገባል፤ በዕዳ ሰው ይወጋል። እንግዲያው የሚያሰጋው ነገር በስሙ ተጠርቶ ይከልከል። ዳይስ ቁማር ያመጣል ከተባለ ዳይስ ይቅር፤ ብዙ እስረኞች ከወረቀት በሠሩት ተሽከርካሪ ጠቋሚ ሲጫወቱ ኖረዋልና። መጻሕፍቱ ይመርመሩ። ጨዋታው በታወቀ ሰዓት፣ ጠባቂ በሚያይበት ጠረጴዛ ይሁን። በጨዋታው ስም የሚያስፈራራ ወይም ገንዘብ የሚያስይዝ ሲገኝ እርሱ ራሱ ይቀጣ። የ96 ገጽ ተረት ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ግን በስም የለሽ ደብዳቤ አይቀጣ። ማገድ የሚፈልግ ኃላፊ የደረሰውን ጉዳት ያሳይ፤ ማሳየት ካልቻለ እጁን ይሰብስብ።

ለእኛ ቤተሰቦችም ድርሻ አለን። በማንኛውም አገር ወህኒ ቤት ወንድም ወይም ልጅ ያለን፣ ምን እንደሚያነብና ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ እንጠይቀው። የተከለከለው ነገር ካለ ምክንያቱን ከኃላፊዎቹ በአደብ እንጠይቅ። የሌላው ሰው እቃ ሲነጠቅም «የእኛ አይደለም» ብለን አንለፍ።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በመድረሳው ጥግ ልጆች ሲንሾካሾኩ ባይ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። «ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይነግሩኛልም። አንዳንዱን ተዉ እላቸዋለሁ፤ አብዛኛውን ግን ሰምቼ እነሣለሁ። ደብተር ግን አልቀደድኩም።

አላህ ከክፉ ጥርጣሬ ይጠብቀን፤ የታሰሩትንም ወደ መልካም ይመልሳቸው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።